የጎረሰው ማን ነው

«ፕላስቲክ ነው እኮ የምልህ! የውሃ ጆግ ታጥቆ ገበያ የሚወርድ ወንድ በዕድሜዬ አላየሁም!»

«አባ፣ ፕላስቲኩ እጀታው ነው። ላዩ ብረት ነው። እስቲ ንካው።»

«አልነካውም።»

«ሳትነካው እንዴት ታውቀዋለህ?»

«አንተስ ሳትጠይቀኝ እንዴት በስሜ እሺ አልክ?»

ዑመርና አባቱ አባ አደም የሚጣሉት በሽጉጥ ነው። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ክርክሩ በየትም ቢዞር የሚገባው እዚችው ጥያቄ ላይ ነው። ዓርብ ዕለት የአዲሱን ሽጉጥ ፈቃድ ሊጨርስ ሲሄድ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ስለ አባቱም ሽጉጥ ጠይቆት ነበር። ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌ ፈቃድ ማሳደስ እንደማይቻል፣ በጊዜ ቢያስረክቡ እንደሚሻል ነገረው። ዑመር «እሺ፣ እናስረክባለን» ብሎ ወጣ። ማታውኑ ራት ላይ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ አነሣው። አባ አደም ሊጎርሱ ያነሡትን ወደ ትሪው መለሱና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ወዲህ ከሻይና ከውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። ስኳር አለባቸው፤ ኪኒናው ደግሞ ያለ ምግብ አይዋጥም። ልጃቸው ዘይና ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሳቸው ስለ ምግቡ «አልራበኝም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

አሁን እሑድ ነው፤ የሱብሂ ሶላት ተሰግዶ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከከሚሴ አስፋልት በኩል «ኮምቦልቻ! ደሴ!» የሚሉ የሚኒባስ ረዳቶች ድምፅ ይሰማል። አባትና ልጅ የተቀመጡበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ምንጣፍና በሸራ የተለበጡ መከዳዎች፣ አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ ብፌ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አባ አደም የሽጉጣቸውን ቀበቶ የሚሰቅሉበት ረጅም ሚስማር አለ። ዘይና ከባሏ ተለያይታ ወደ አባቷ ቤት በተመለሰች ጊዜ ዑመር ክፍሉን በቺፑድ ከፍሎ ወዲያ ማዶውን ወጥ ቤት አድርጎላት ነበር። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ወዲያ ማዶ ማንኪያ ሲወድቅ ወዲህ ይሰማል። አሁንም ዘይና ብርጭቆ እያለቀለቀች በለሆሳስ መንዙማ ታዜማለች። ሲጣሉ ስትሰማ ድምፅዋን ከፍ የማድረግ ልማድ አላት።

በመካከላቸው በታጠፈ ሽርጥ ላይ ሁለቱ ሽጉጦች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ በጎናቸው የተቀረጸውም ምልክት አንድ ነው። አፍንጫቸውን ያየ ሰው አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸውን አይስትም። የአባ አደም ሁለንተናዋ ብረት ነው። የእጀታዋ እንጨት በዘመን ብዛት ለስልሶ የጣታቸውን ቅርጽ ይዟል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጠርዟ ላይ ለቆ ነጩ ብረት ወጥቷል፤ ስምንት ጥይት ትይዛለች። ከብት እየነዱ ከባቲ እስከ ሰንበቴ በተመላለሱበት ዘመን ሁሉ ከጎናቸው ያልተለየች እሷ ናት፤ ሰው ላይ ግን አንድም ቀን ተኩሰውባት አያውቁም፤ የሚኮሩትም በዚሁ ነው። የዑመር አዲሱ ከእሷ በግማሽ ይቀላል፤ ጥይት የሚይዘው ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ከአፈሙዙ ስር መብራት የሚሰካበት ቦታ ሳይቀር አለው። አባ አደም የራሳቸውን «እሷ» ይሏታል። ዑመር የራሱን «እሱ» ይለዋል። በዚያ ቤት ከዓርብ ወዲህ «እሱ» እና «እሷ» ብቻ እየተባለ ብዙ ነገር ተነግሯል።

«በጉልበት አይደለም የሚበልጣት» አለ ዑመር፣ ድምፁን ለማለዘብ እየሞከረ። «በጥንቃቄ ነው። ይኸው የጥይት ካዝናውን አወጣሁት። አሁን ምላጩን ብስበው...» አዲሱን ወደ መሬት አዞረና ሳበ። ምንም የለም። «አየህ? ካዝናው ከሌለ እንቢ ይላል። አንድ ሰው ረስቶ አንድ ጥይት ውስጥ ቢያስቀር እንኳ ሰው አይገድልም።» ካዝናውን መልሶ አስገባ። «ደግሞ ጥይት ሲጎርስ እዚህ ጋ ቀይ ምልክት ብቅ ይላል። በጨለማም ቢሆን በጣትህ ዳብሰህ ታውቀዋለህ። ቆይ ላሳይህ።» ላይኛውን ብረት በመዳፉ ጨበጠ።

አባ አደም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አላይም። እኔ የራሴን ለማወቅ ምልክት አልሻም። እሷ ስትጎርስ ትከብዳለች። እጄ ያውቃታል። ይኸው አሁን ባዶ ናት።»

«እንግዲያው ያንተንም እንያት» አለ ዑመር፣ እንደ መቀለድ ብሎ አሮጌዋን እያነሣ። ካዝናዋን አወጣና ምንጣፉ ላይ አኖረው። ክንዱን ዘርግቶ አፈሙዟን ወደ ቺፑዱ ግድግዳ አቀናና ጣቱን ምላጩ ላይ አሳረፈ። ከማዶ ዘይና ብርጭቆ ታንኳኳለች። አባ አደም የተዘረጋውን ክንድ ጥላ አዩ። በዚያች ቅጽበት ያ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰ የሽማግሌ እጅ ከየት ባመጣው ጉልበት እንደሆነ ሳይታወቅ የዑመርን እጅ ጀርባ በጥፊ መታው። ሽጉጧ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

«ብረት ወደ ሰው አይዞርም!»

«ባዶ ናት አላልክም እንዴ?»

«ባዶም ብትሆን!»

ዑመር ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ፋሪዳ ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ዛሬ ነገ አባት ይሆናል። እጁን እንደ ሕፃን መመታቱ ጆሮውን አጋለው፤ አፉም ሳይታሰብ ተከፈተ። «ይኸው ነው እኮ!» አለ። «ዓይንህ አያይም፣ ካዝናዋን ካንተ ሌላ ሰው እንዳይነካው ትላለህ፣ ደግሞ ከሚስማሩ አትወርድም። ነገ ቤቱ ውስጥ ሕፃን ይመጣል። ለሰው አደጋ ሆነሃል፣ አባ!»

አባ አደም ወደ ምንጣፉ ጎንበስ አሉ። ሽጉጣቸውን በዳበሳ አነሡ፣ ካዝናዋን መለሱ፣ ወደ ማህደሯ ከትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሏት። የዘይና እግር ከወጥ ቤት ሲመጣ ተሰማ። እሷ ብረት ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ማየት አትወድም፤ ዑመር ፈጠን ብሎ አዲሱን ከአባቱ መከዳ ስር ሸጎጠው። ዘይና በጨጨብሳ የተሞላ ሳህን ይዛ ገባች፤ ቅቤው ገና ይፍለቀለቃል። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ዑመር ጃኬቱን አንሥቶ «ሰንበቴ ገበያ ነኝ» ብሎ ወጣ። አንድም አልቀመሰም።

ሚኒባሱ ካራቆሬን እስኪያልፍ ድረስ ንዴቱ አልበረደለትም። ከዚያ በኋላ የማሽላው ማሳ በሁለት ወገን ሲሸሽ እያየ ቀስ በቀስ ሌላ ስሜት መጣበት። በእነዑመር ቤት አባትን አንቱ ማለት ማራቅ ነው፤ አንቱታ ለጎረቤት ነው። ግን አባቱን «አንተ» እያለ ባደገበት አፉ «አደጋ ሆነሃል» ብሎ አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ ለዘይና ሊደውል አሰበና ምን እንደሚላት ስላላወቀ መልሶ ከተተው። «አባ ቀመሰ?» ብሎ መጠየቅ ነበር የፈለገው። ግን ሁለት ቀን ሙሉ መልሱ «አልቀመሰም» ነበር።

ከሰንበቴ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ወጣት በሩን ከፍቶ «ብረት ያለው ይውረድ፣ ፈቃዱን ያሳይ» አለ። ዑመር ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወረደ። አዲሱን ፈቃድ ሲያሳይ ይህ የመጀመሪያው ነውና ደረቱን ትንሽ ነፋ አደረገ። ወጣቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ የዑመርን ወገብ በግራም በቀኝም ዳበሰ።

«የታለ?»

ዑመር እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ። ቀበቶ አለ። ማህደር አለ። ማህደሩ ባዶ ነው።

«ወረቀቱን ነው እንዴ ታጥቀህ የመጣኸው?» አለ ፈታሹ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ «ተወው ልጄ፣ የዛሬ ሌባ ማንበብ ይችላል፤ ወረቀቱን አይቶ ይሸሻል» አለች። ሳቁ ባሰ። ዑመር አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ያቺን የአባቱን አሮጌ ቢታጠቅ ኖሮ እኮ ከደጃፍ ሳይወጣ ወገቡ ቅል ይለው ነበር። ይህኛው ግን ሲኖርም አይሰማም፣ ሲጠፋም አይሰማም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ማህደር ታጥቆ ሲጓዝ ልዩነቱን አላወቀም።

የከብት ገበያው ሞልቷል። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ከሜዳው ዳር አስተኝተዋል፤ ከደጋ የወረዱት ነጋዴዎች በዱላቸው እየተደገፉ የበሬ ዋጋ ይደራደራሉ። አንድ የጨፋ ሜዳ ሳር ያወፈረው ወይፈን የያዘ ሰው ከሩቅ አወቀውና በኦሮምኛ «አከም ጅርታ፣ ዑመር?» ብሎ ደኅንነቱን ጠየቀው። «ነጋ፣ ገለታ ረቢ» አለ ዑመር። ዋጋ ጠየቀ፤ ሰውዬው ሰማይ የሚነካ ዋጋ ጠራ፤ ዑመር እንደ ልማዱ ሊከራከር አፉን ከፈተና ዘጋው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። መከዳው ስር። አባቱ ከሶላት ሲነሡ፣ ሲቀመጡ፣ ሲጋደሙ እጃቸውን የሚያሳርፉት እዚያው መከዳ ላይ ነው። ካዝናው ገብቷል፤ ራሱ ነው ያስገባው። ከዚያ «ላሳይህ» ብሎ ላይኛውን ብረት ጨብጦ ነበር። ሳበው? ወይስ አባቱ ፊታቸውን ሲያዞሩ ተወው? እጁን አየ፤ እጁ አያስታውስም። አባቱ ዳብሰው ቢያገኙትስ? አዲሱን አያውቁትም። የማያውቁትን ነገር ደግሞ በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ነው የሚመረምሩት።

ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።» ደገመ። ኔትወርኩ ከግመሎቹ ወገን ሻል ይላል ብለውት ወደዚያ ሄደ። በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ።

«ወዬ ዑመር!» የዘይና ድምፅ ደስ ያለው ነው። ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማል።

በዑመር ዙሪያ ሰው ሞልቷል፤ ሁለት ፖሊሶችም ከጎኑ ቆመዋል። በገበያ መሃል የዚያን ነገር ስም አይጠራም። አፉን ወደ ስልኩ አስጠጋ። «ዘይና፣ መከዳው ጋ ያለው፣ እሱ እንዴት ነው? ጎርሷል እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ! ጎርሷል!»

ዑመር ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጎርሷል? እርግጠኛ ነሽ? በዓይንሽ አየሽው?»

«ኧረ ፊት ለፊቴ! በጋሼ ሣህሌ እጅ!»

ሣህሌ ጎረቤታቸው ነው። ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ አባ አደምን ካወቀ ዕድሜ ልኩ ነው። ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ ሣህሌ ምን አግብቷቸው ነው? እጃቸው እየተንቀጠቀጠ!»

«ቢንቀጠቀጥስ? ትንሽ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ እንጂ ምን ሆነ? አንድ ያጣላል ብለው ደገሙት። አሁንም ሦስተኛውን ይዘው...»

«ዘይና! ስሚኝ! አትጠጉት! ሁላችሁም ከዚያ ክፍል ውጡ! አባን...»

ስልኩ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ቢደውል፣ ቢደውል፣ ያቺው የተቀዳች ሴት ናት የምትመልስለት። ወይፈኑን የያዘው ሰው «ዋጋ እንቀንስ፣ ና እንጂ» እያለ ተጣራ። ዑመር ሳይመልስለት ወደ መናኸሪያው ሮጠ።

የመመለሻው ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ዕድሜ ፈጀ። ቀሪዎቹን ወንበሮች እኔ እከፍላለሁ ቢል ሾፌሩ በጥርጣሬ አየው። አጣዬ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ ጎማውን ሲቀይር ዑመር መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ አፈር በጣቱ ይጭራል። አባቱ እህል ሳይቀምሱ፣ «አደጋ ነህ» በሚለው በልጃቸው ቃል ላይ... ያንን ሐሳብ አልጨረሰውም። «ያ ረቢ» ይላል፣ «ያ ረቢ፣ ይህችን ብቻ።» ምን እንደሚሰጥ ግን አልተናገረም፤ የሚሰጠው ነገር አልታየውም። ከሁሉ የባሰበት ያ የዘይና ደስታ ነው። ሰው ሽጉጥ ሲጎርስ «አልሐምዱሊላህ» ይላል? ወይስ ሣህሌ ሽጉጡን ሊያሳያቸው፣ ሊያስቃቸው... የሣህሌን ቀልድ ያውቀዋል፤ በሰርግ ላይ ሦስቴ ያልተኮሰ ሚዜ አይደለም የሚል ሰው ነው።

ከሚሴ ሲደርስ ከቀትር ብዙ አልፏል። ባጃጁ ጎዳናውን ተጠምዝዞ ወደ ሰፈራቸው ሲገባ በራቸው ላይ የተሰበሰበ ሰው ካለ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ማንም የለም። ዘይና ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

«ውይ፣ በጊዜ መጣህ! በሬውስ?» አለች። «ስልኬ ዘጋ እኮ፤ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም...»

አልፏት ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ቀዩን ምንጣፍ ረገጠ። አባ አደም መከዳቸውን ተደግፈው እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ሣህሌ ከጎናቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ በመካከላቸው ባዶ ሳህን አለ።

«ጫማህን!» አሉ አባ አደም።

«አባ፣ እንዳትነቃነቅ! አላህን፣ እንዳትነቃነቅ!»

«ምን ሆነ ይኼ ልጅ? እባብ አለ እንዴ?» ሣህሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ዑመር ተንበርክኮ አንድ እጁን ከአባቱ ጀርባ አስገብቶ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ገፋቸው፤ በሌላው መከዳውን አነሣ። ጠዋት ባኖረበት፣ በዚያው አኳኋን ተኝቷል። ማንም አልነካውም። አነሣውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ቀይ ምልክት የለም። ካዝናውን አወጣ፣ ላይኛውን ብረት ሳበ፣ ውስጡን አየ። ባዶ ነው። ያኔ እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ከነጫማው፣ ቁጭ አለ።

«ዘይና ጎርሷል አለችኝ» አለ፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም። «ደውዬ ጠየቅኋት። ጎርሷል አለችኝ። በጋሼ ሣህሌ እጅ ጎረሰ አለች።»

ዘይና በሩ ላይ ልብስ እንደያዘች ቆማለች። «ታዲያ ጎርሷል እኮ!» አለች። «አባ ጎርሷል ነው ያልኩህ! ስለ አባ አይደል የጠየቅኸኝ?»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ሣህሌ ነው። ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ትከሻውን አርገፈገፈው፤ ሻዩ ፈሰሰ። ዘይና ልብሱን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። «አትጠጉት! ከክፍሉ ውጡ!» እያለች የዑመርን ድምፅ አስመሰለች። «እኔ ደግሞ ምን አባቱ ነው፣ አሁንም ተቆጥቶ ነው፣ አባትን አትጠጉት የሚል ልጅ የት አለ ብዬ ስሰድብህ ዋልሁ!» አባ አደም ለመሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ ጢማቸው ግን ተንቀጠቀጠ።

«በልቷል?» አለ ዑመር ቀስ ብሎ። ባዶውን ሳህን አሁን ነው ያስተዋለው። «አባ፣ በላህ?»

«ይኼን ሰው ጠይቀው» አሉ አባ አደም፣ በአገጫቸው ወደ ሣህሌ እያመለከቱ።

«እኔማ ያልኩት እንዲህ ነው» አለ ሣህሌ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ሠላሳ ዓመት እስረኛ ጠብቄያለሁ። የረሃብ አድማ የሚመታው እስረኛ ነው። የቤቱ ባለቤት በገዛ ቤቱ አድማ ሲመታ አይቼ አላውቅም አልኩት። አፉን ለመልስ ሲከፍት ከተትሁበት።»

«ኪኒናውንም ወሰደ» አለች ዘይና። «ተኛም።»

ዑመር ጫማውን አወለቀ። በሩ አጠገብ አኖረውና ተመልሶ ተቀመጠ። ዘይና ከጠዋቱ የተረፈውን ጨጨብሳ አሙቃ አመጣችለት። አባ አደም ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በጣታቸው ዳብሰው ጠቅለል አደረጉና ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አፉ የት እንዳለ በትክክል አላገኙትም፣ ጢሙን ነካ አድርጎት አለፈ፤ ዑመር አጎንብሶ አገኘው።

«ጉረስ» አሉ። «አንተም ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነህ።»

ገና እያላመጠ ሳለ ሣህሌ ወደ በሩ ሚስማር አየ። «እንግዲህ ነገሩ ከተነሣ አይቀር» አለ፣ «እሷንም እንያት። ዛሬ የሁሉም አፍ ይታይ።»

«እሷን ተዋት» አሉ አባ አደም። «ባዶ ናት። ካዝናዋን ከነጥይቱ አኑሬዋለሁ እንጂ አላጎረስኳትም። ብትጎርስ እጄ ያውቃል።»

ሣህሌ ግን ተነሥቷል። ማህደሩን ከሚስማሩ አወረደ፣ ካዝናዋን አወጣ፣ አፈሙዟን ወደ ምድር አደረገ። በሚንቀጠቀጠው እጁ የላይኛዋን ብረት ወደ ኋላ ሳበ። አንዲት ጥይት ከጎኗ ተፈናጥራ ወጣች። ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ተንከባለለች፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ዑመር ማላመጡን አቆመ። የቀኝ እጁን ጣት አየ፤ ጠዋት ምላጩ ላይ ያሳረፋትን ያቺን ጣት። ከዚያ ቺፑዱን ግድግዳ አየ። አፈሙዟ ያመለከተችበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ከማዶው ዘይና የምታለቀልቅበት ሳፋ ነበር፤ ከሳፋው በላይ ደግሞ ደረቷ። ያ የእጁን ጀርባ የመታው መዳፍ አንድ ትንፋሽ ያህል ቢዘገይ ኖሮ። እጁ ላይ የቀረ ምልክት የለም፤ ግን አሁን ቦታው ሞቀው። በሌላው እጁ ያዘው።

አባ አደም ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ነበር። የወደቀውን አላዩትም፤ ሰምተውታል። ስድሳ ዓመት ሙሉ የጥይትን ድምፅ የለየ ጆሮ ነው። «ያ ክፉ ሰሞን» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሰዉ ሁሉ ወደ ጨፋ የሸሸ ጊዜ። ማታ በሩ ላይ ተቀምጬ አጉርሻት ነበር። ከዚያ... ከዚያ አወጣሁት ብዬ ነው።» መዳፋቸውን ገልብጠው ተመለከቱት፤ ከጥላ በቀር የሚያዩት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ያን ያህል ጊዜ ያቺ ጥይት እዚያ ሚስማር ላይ፣ ከእንግዳ ትከሻ በላይ ተሰቅላ ኖራለች ማለት ነው። ምልክት አልነበራትም፤ ክብደቷም አልተሰማም፤ እጃቸውም አላወቃትም።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ዘይና። የወንዶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። «ባዶ አይደለችም እንጂ ምን ተፈጠረ? አላህ ጠብቋል።»

«ጠብቋል» አለ ዑመር፤ ጉርሻው አሁን ነው የወረደለት።

«ጠዋት በዚህች ነበር እንዴ ስትጣሉ የነበረው?»

«በእሷ አይደለም» አሉ አባ አደም። ፊታቸው ወደ ልጃቸው ዞረ፤ ዑመርም አያቸው፤ ስለዚያ ጠዋት ከዚያ በላይ የተባለ ነገር የለም። ዘይና ጥይቷን ከሳህኑ ዳር እንደ ተበላ አጥንት በሁለት ጣቷ አንሥታ ለሣህሌ ሰጠችው፣ ሳህኑንም ይዛ ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ወዲያው ውሃ ሲፈስስ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ያቺም መንዙማ ካቆመችበት ስትቀጥል በስሱ ግድግዳ በኩል ተሰማ። ዑመር ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል ጥሩ ነገር አልሰማም።

«ነገ ሰኞ ነው፣ ቢሮ ይከፈታል» አሉ አባ አደም። «ሣህሌ፣ አንተ ትሸኘኛለህ። እኔው ራሴ እሰጣታለሁ። ልጄ ሰጣት እንዳይባል።»

«ሻይ ከጋበዝኸኝ» አለ ሣህሌ።

«አባ፣ የኔንም...» ብሎ ዑመር ጀመረ። አዲሱን ፈታትቶ ብፌው ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት፣ ቁልፉንም አባቱ እጅ ላይ አኖረ። አባ አደም ቁልፉን አላዩትም፤ ዳብሰው አወቁትና ኪሳቸው ከተቱት።

የዐስር አዛን ተሰማ። አባ አደም መከዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ኮፊያቸውን ደፉ፣ ሽርጣቸውን አጠበቁ፣ ከዘራቸውን ከጥግ አነሡ። ሣህሌ ሽጉጧን ለነገ ራሱ ዘንድ አስቀርቶ ቀበቶዋንና ባዶውን ማህደር ወደ ሚስማሩ መልሶ ሰቅሏቸዋል። ከዚህ ቤት ሲወጡ እጃቸው ከሁሉ በፊት የሚሄደው ወደዚያ ሚስማር ነበር፤ ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለመስጊድም። አሁን ከስሩ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁ። የበሩን መቃን ዳበሱ። ወጡ።

«እና ሰንበቴ እንዴት ዋለ?» አለ ሣህሌ፣ ቀሪ ሻዩን እየቀዳ። «በሬ ረከሰ ይላሉ።»

«ማን ነው ያለው?» አለ ዑመር። «ወይፈኑ ራሱ እሳት ነው፣ ጋሼ። አይቀመስም።» ከዘራው የግቢውን ጠጠር እየነካካ ወደ አስፋልቱ ሲርቅ ይሰማ ነበር።